የረግረጉ ጌሾ

እኔ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ልቤ ዱብ ይላል። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ፖስታ ከደረሰኝ ከመክፈቴ በፊት ወንበር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ገዛኸኝ «አንቺ እኮ ዝናቡ ሳይመጣ ነው የምትበሰብሺው» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! በዚያ የኅዳር ቅዳሜ ግን የፈራሁት ሌላ፣ የመጣብኝ ሌላ ነበር። ለመሬት ስፈራ አርፍጄ ሰው ሊያመልጠኝ ነበር።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2021 ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኖርዝላንድ ሰፈር፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ነበር። ገዛኸኝ ትራክ ይነዳል፣ እኔ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ቆጥበን ቆጥበን ከከተማው በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ቁራሽ መሬት ገዛን። ሐሳባችን ቤት ሠርተን፣ ከጓሮው ጎመን ተክለን፣ ለበዓል የሚሆን በግ ማርባት ነበር። የገዛነው በነሐሴ ነው። ሚያዝያ ሲመጣ ግማሹ ውሃ ሆነ። ለካ ረግረግ ነው የገዛነው! ቤት መሥራት እንደማይፈቀድም ተነገረን። ገዛኸኝ «ዳክዬ እናረባለን» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፣ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ።

መውጫው የመጣው ካልጠበቅነው በኩል ነው። በዚያ አካባቢ ትልልቅ ዌርሃውሶች እንደ እንጉዳይ ይፈሉ ነበር። ለነሱ ሲባል ረግረግ ይደፈናል፣ ጫካ ይመነጠራል። ሕጉ ደግሞ «እዚህ ካጠፋህ ሌላ ቦታ ተካ» ይላል። ስለዚህ ያ የሚደፍነው ኩባንያ፣ እንደኛ ዓይነቱ ረግረግ እንዲጠበቅለት ገንዘብ ይከፍላል። መንግሥትም አረሙን ለማስነቀልና የአገሩን ዛፍ ለማስተከል ከወጪው ይጋራል። መሬቱ የኛው ሆኖ ይቀራል፣ ነገር ግን ለዘላለም አይታረስም፣ አይደፈንም፣ ቤት አይሠራበትም። ገዛኸኝ ይህን ሲሰማ «ምንም ላለመሥራት ደመወዝ? አሜሪካ አሁን ገና ገባኝ» አለ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እኔ የምሠራበት ዌርሃውስም በተደፈነ ረግረግ ላይ የቆመ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ በተደፈነው ላይ እቆማለሁ፣ ቅዳሜ ያልተደፈነውን እጠብቃለሁ።

ውሉ ግን ጥርስ ነበረው። በየዓመቱ መከር ላይ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። እንዲነቀሉ የተባሉት ተክሎች ካልተነቀሉ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ውሉ ከፈረሰ ደግሞ መሬቱን ለዌርሃውስ ሠሪዎቹ ከመሸጥ በቀር ምርጫ አልነበረንም። እንግዲህ የዚያ ዓመት ፍርሃቴ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ዘነበች ልምጣ። ገዛኸኝን እናቱ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ በጠላቸው የታወቁ ሴት ነበሩ፤ እሱንም ያስተማሩት ጠላ ሸጠው ነው። ወደኛ ለማምጣት የጠየቅነው ፈቃድ ስንት ዓመት ፈጅቶ ሲያልቅ፣ ኮሎምበስ በገቡ በጥቂት ሳምንት የኮሮና ወረርሽኝ ሁሉንም ሰው ቤቱ ዘጋበት። እትዬ አገሩን በመስኮት አዩት ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ከኛ ጋር ወደ መሬቱ ይወጡ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ጫማቸውን ለውጠው፣ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ብቻቸውን ወደ ውስጥ ይገባሉ። እኛም አየር ይቀበሉ ብለን አንከተላቸውም።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በረንዳችን ላይ ቅጠልና እንጨት ተሰጥቶ አገኘሁ።

«ጌሾ ተገኘ!» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

ከወረርሽኙ ወዲህ ጌሾ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ከሞርስ ሮድ ሱቆች ባንዱ የገባ መሰለኝና «እሰይ!» ብዬ አለፍኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ጌሾው የተፈለገው ለሚካኤል ማኅበር ነው። ማኅበርተኛው ከወረርሽኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ሊገናኝ ነበር፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው በጋሼ ለማ ቤት። ጋሼ ለማ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ናቸው፤ ከሱዳን በስደት መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ቀልድም ሥርዓትም የሚያውቁ ሰው። ጠላውን እትዬ «እኔ እጠምቃለሁ» አሉ። ከመጡ ወዲህ «እኔ» ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። እንዳጋጣሚ ተቆጣጣሪዋም የቀጠረችን በዚያው ቅዳሜ ሆነ። ተከፋፈልን፤ ገዛኸኝ ጠላውንና እትዬን ይዞ ወደ ማኅበሩ፣ እኔ ወደ ረግረጉ።

በጠዋት ስወጣ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቷል።

«እትዬ፣ ደህና አደሩ?»

«ደህና ነኝ ልጄ» አሉ ከበሩ ወዲያ። «ሂጂ፣ መሬትሽን ጠብቂ።»

ድምፃቸው ቀጠን ያለ መሰለኝ፤ የእንቅልፍ ነው ብዬ ሄድኩ።

ተቆጣጣሪዋ ሊንዳ ትባላለች። ፀጉሯ የሸበተ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦት የምታደርግ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ስንዱ የሚለው ስሜ አልሆንላት ብሎ «ሲንዲ» ነው የምትለኝ። ውሃ ዳሩን ይዘን ሄድን። እሷ ቆም ባለች ቁጥር እኔም ቆሜ ፊቷን አያለሁ። አንድ ቦታ ጎንበስ ብላ ስትቆይ «አለቀልን» አልኩ በልቤ፤ ለካ እንቁራሪት አይታ ነው።

«ጥሩ ነው ሲንዲ። በጣም ጥሩ ነው» እያለች ሄደች። መተንፈስ ጀመርኩ።

ከመሬታችን መጨረሻ፣ ከአንዲት ጉብታ ሥር ስንደርስ ቆመች። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ እርቃኑን ቆሟል። እዚያ ጋ ግን አንድ ጥግ ለምለም አረንጓዴ ነበር።

«በዚህ ወር አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ነገር አልወድም» አለች። «ባክቶርን ነው። ከአውሮፓ የመጣ መጤ ነው። የአገሩ ዛፍ ሲተኛ እሱ አይተኛም፣ ሁሉን አንቆ ይወርሳል። ይህን እኮ ባለፈው ዓመት ለነቃዮቹ ሮዝ ሪባን አስሬበት ነበር። ሪባኑ የታለ?»

መጤ የሚለው ቃል አይመቸኝም። ግን ለመቀየም ጊዜ አልነበረኝም። ተጠግተን ስናይ ሪባኑ ተፈቷል። በምትኩ በዙሪያው ደረቅ ቅርንጫፍ ተተክሎ፣ ፍየል እንዳይበላው እንደሚታጠር ችግኝ ታጥሯል። ቅርንጫፎቹ ግማሽ ግማሹ በቢላ ሰያፍ ተቆርጠዋል፤ እጁን የሚያውቅ ሰው የቆረጠው ነው። አጥሩ የታሰረው በጨርቅ ቅዳጅ ነበር። ጨርቁ ላይ ትንንሽ ቢጫ ዳክዬዎች አሉ። ኮሌጅ ገብታ ከቤት የወጣችው ልጄ የቤቲ የልጅነት ፒጃማ ነው።

«ሰው ሲቆርጠው ነበር» አለች ሊንዳ፣ ፊቷ ተለውጦ። «ማንም አይበላውም አይደል? ድሮ ለሆድ ማጠቢያ ይጠቀሙበት ነበር። በተለይ ቅርፊቱ ተቆርጦ ዓመት ሳይቆይ ከተወሰደ መርዝ በይው። ጤነኛውንም ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ለሽማግሌ ሰው ደግሞ…»

ቅጠሉን ቀንጥሼ በጥርሴ ነካ አደረግሁት። መረረኝ። ጌሾ፣ ጌሾ አለኝ።

ጌሾ ተገኘ!

«ምነው ሲንዲ? ሲንዲ!»

«መጠጥ ሠርተውበታል» አልኳት። «ዛሬ። አሁን። ሽማግሌዎች ሊጠጡት ነው።»

ስልኬን ሳወጣ እዚያ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ኔትወርክ የለም። ሊንዳ ወዲያው ገባት። ቅርንጫፍ ቀንጠስ አድርጋ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችና «ለሐኪም ይህን አሳዩ። ስሙን በቴክስት እልክልሻለሁ። ሩጪ!» አለችኝ። በጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቅሁ ሮጥኩ።

መንገዱ ላይ ስወጣ ስልኬ ነፍስ ዘራ። አንድ ያመለጠኝ ጥሪ አለ፣ የእትዬ። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። ገዛኸኝ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ጋሼ ለማም አያነሱም። ያኔ ትዝ አለኝ። በጋሼ ለማ ቤት ጸሎት ሲጀመር ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ድምፁ ተዘግቶ መሶብ ውስጥ ይከደናል። «እግዜር ኮል ሲያደርግ ላይን ቢዚ እንዳይሆን» ይላሉ። የእትዬም ስልክ ከዚያው መሶብ ገብቷል አልኩ፤ ጥሪውም እንደ ወትሮው «የት ደረስሽ?» ለማለት ይሆናል አልኩ።

ወደ ከተማ የሚያስገባውን አውራ ጎዳና 161ን ይዤ እንዴት እንደነዳሁ ሚካኤል ይወቀው። ማኅበርተኞቹን አንድ በአንድ በዓይኔ አስኬድኩ። ጋሼ ለማ ልባቸው ታሟል። ሌሎቹም አንዱ ስኳር፣ አንዷ ኩላሊት አለባቸው። ወረርሽኙን በስንት ጭንቅ ያለፉ ሰዎች በእኛ ጠላ ሊያልቁ ነው። ከተማውን የሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ 270 ጋ ስደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ፊት ለፊት ከሄድኩ ቤቴ ነው፣ ወደ ግራ ከዞርኩ ወደ ጋሼ ለማ። ያለ ማመንታት ወደ ግራ ዞርኩ። ያቺን መታጠፊያ ዛሬም ባለፍኩባት ቁጥር እጄ መሪው ላይ ይላባል።

ጋሼ ለማ ቤት ጭቃ እንዳደረግሁ ዘልዬ ገባሁ። ጸሎቱ ገና ማለቁ ነው፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። የጠላው ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ ነው። አጠገቡ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

«እንዳትጠጡ!» ብዬ ጮህኩ። «ጠላውን እንዳትጠጡ!»

ሁሉም ደርቀው አዩኝ። ጋሼ ለማ ቀስ ብለው «ረጋ በይ ልጄ» አሉ። «ማን ይጠጣል? ጠማቂዋ ሳትቀምስ ጠላ ይቀዳል እንዴ? ዘነበችን እየጠበቅን ነው።»

ልቤ መለስ ሊል ሲል ቃሉ ገባኝ። እየጠበቅን ነው።

«እትዬ የሉም?»

«ትንሽ ደክሞኛል አለችኝ» አለ ገዛኸኝ። «ጸሎቱ ሲያልቅ መጥተህ ውሰደኝ ብላ ነው። አሁን ልሄድላት ነበር። ምንድነው ስንዱ?»

መሶቡን ከፍቼ ስልኮቹን በተንኩ። የገዛኸኝን ሳነሳው መስታወቱ በእትዬ ስም ተሞልቷል። ያመለጠ ጥሪ፣ ያመለጠ ጥሪ፣ ያመለጠ ጥሪ። የጋሼ ለማም ስልክ ላይ እንደዚሁ። ሴትዮዋ ለሁላችንም ሲደውሉ አርፍደዋል፤ ስልካችን ደግሞ መሶብ ውስጥ ተከድኗል፣ የኔው ረግረግ ውስጥ ጠፍቷል። እኔም እሳቸው ያሉበትን የቤቴን መንገድ ትቼ ወደዚህ ዞሬያለሁ።

ገዛኸኝ ነዳ፣ እኔ 911 ደወልኩ። «አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ መርዝ ጠጥተዋል» እያልኩ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። ሲስቅብኝ የሚኖረው ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። ከንፈሩ ብቻ «እትዬ፣ እትዬ» ይላል።

በሩ ከውስጥ በሰንሰለት ተይዟል። እትዬ ብቻቸውን ሲሆኑ ይፈራሉ። ገዛኸኝ በትከሻው ደጋግሞ መታው፣ ሰንሰለቱ ተነቅሎ በረረ። እትዬ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ፣ ወለሉ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ነጩን የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለማኅበሩ ለብሰው ጨርሰዋል። ስልኩ ከእጃቸው አልወጣም። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ እጃቸው በረዶ ሆኗል። ገዛኸኝ ሲያቅፋቸው ዓይናቸውን በመከራ ገለጡ።

«ጠላው…» አሉ። «እንዳይጠጡት…»

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። አምቡላንሱ ደረሰ።

በወረርሽኙ ምክንያት ሐኪም ቤቱ ከአንድ ጠያቂ በላይ አያስገባም ነበር። ገዛኸኝ ፊቱ ስላላማረኝ፣ እንግሊዝኛውም ስለጠፋው እኔ ገባሁ። ሊንዳ የላከችውን ስምና ያንን ቅርንጫፍ ለሐኪሟ ሰጠኋት። ከሰውነታቸው ውሃውና ጨው አልቋል፣ ለግፊታቸው የሚወስዱት ኪኒን ደግሞ አባብሶባቸዋል አለችኝ። ልባቸው እየዘለለ ይመታል። «የምትችሉትን ያህል ጸልዩ» አላለችኝም፣ ግን አስተያየቷ እሱን ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የሊንዳ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። ስለ ውሉ ስታስረዳን «እዚያ የጠፋው እዚህ ይካካሳል» ትለን ነበር። ስትናገረው ቀላል ነው። ለረግረግ ረግረግ ይገኝ ይሆናል። ለእትዬ ዘነበች ምን ተክተን ነው የምንካካሰው? ሴትዮዋ ጠላ ሸጠው ሰው ያደረጉት ወንድማቸው ውጭ ፓርኪንግ ውስጥ ብቻውን ያለቅሳል። ስለ መሬቱ መጨነቄ በዚያች ሰዓት አሳፈረኝ።

ከእኩለ ቀን በኋላ፣ ሊመሻሽ ሲል፣ ነርሷ ጠራችኝ። እትዬ ነቅተዋል። ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር «ጠጡት እንዴ?» ነው።

«ማንም አልቀመሰም፣ እትዬ። እርስዎ ሳይቀምሱ አይቀዳም ብለው ጋሼ ለማ ሲጠብቁ ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ማታ ሲቀምሱት ጣዕሙ ልክ መጥቶላቸው፣ ደስ ብሏቸው ደጋገሙት። ጎህ ሲቀድ ሆዳቸው ተገለበጠ። የማኅበሩን ቀን እንዳያበላሹብን ዝም አሉ። ገዛኸኝ ጠላውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው ምክንያቱ የገባቸው።

«ለምን ከረግረጉ መሆኑን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምኑን ልንገርሽ? ጌሾ እኮ ነው ብዬ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ስንዱ፣ እኔ እዚህ አገር ከገባሁ እንኳን ሰዉን ዛፉን አላውቀውም። ሱቅ ስንገባ ቲማቲሙ ራሱ ቲማቲም አይመስለኝም። ያን ቅጠል ሳየው ግን አወቅሁት። እሱም ያወቀኝ መሰለኝ።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሊንዳ ደወለች። ገና «ሄሎ» ሳልል «አሮጊቷስ?» አለችኝ። ተረፉ ስላት ትንፋሿ በስልኩ ተሰማኝ። ለውሉ እስከ ጸደይ ጊዜ ሰጠችን። «መሬቱ የትም አይሄድም» አለች። በሚያዝያ ነቃዮቹ ሲመጡ እትዬም ካልሄድኩ አሉ። ያጠሩትን አጥር በገዛ እጃቸው አፈረሱ፣ ያንን ቁጥቋጦም ከነሥሩ እየጎተቱ አወጡት። ሲጨርሱ በኔ አስተርጓሚነት ሊንዳን «የአገሩስ የትኛው ነው? አሳዪኝ» አሏት። ሊንዳ ከአንድ ቁጥቋጦ ቀንበጥ ሰብራ ሰጠቻቸው፤ ሲያሹት ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እትዬ ደጋግመው አሸተቱት።

«ደስ ይላል» አሉ። «ግን አልጠጣውም በያት።»

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ወላጅ ወይም ታላቅ አምጥታችሁ ከቤት ያስቀመጣችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊታቸው በርቶ «ተገኘ!» ሲሏችሁ «እሰይ» ብላችሁ አትለፉ። የት ተገኘ? ማን አሳየዎት? እኔስ ይዤ እሄዳለሁ በሏቸው። እኔ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ያ ቀን ባልመጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ሁሉን ስጠረጥር ኖሬ ያልጠረጠርኩት የሚወደኝን ሰው ዝምታ ብቻ ነበር። ደግሞ «ደህና ነኝ ልጄ» የሚል ድምፅ ከተዘጋ በር ወዲያ ከሰማችሁ፣ በሩን አስከፍቱ።

ባለፈው ኅዳር ማኅበሩ እኛ ቤት ወጣ። እትዬ ጠላ ጠመቁ፣ በሱቅ ጌሾ። ጸሎት ሲጀመር ስልኮቹ መሶብ ገቡ፣ የጋሼ ለማ ግን ድምፁ ተከፍቶ ከውጭ ተቀመጠ። ጸሎቱ ሲያበቃ እትዬ እንደ ሥርዓቱ ብርጭቋቸውን ይዘው ሊቀምሱ ተነሡ። ያኔ ጋሼ ለማ ባዶ ብርጭቋቸውን ዘርግተው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቆይ ዘነበች» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን አትቀምሺም። ቅጂልኝ።»

ቀጥሎ ገዛኸኝ ተነሣ፣ እኔም ተነሣሁ፣ ቤቱ ሙሉ ቆመ። እትዬ በየተራ ለሁላችን ቀዱልን። አብረን ጠጣን።